አልፌያቸው ነበር

እንጅባራ፣ ጥቅምት 9 ቀን

ለምወድዎት እናቴ፣ ጫግኒ

እንደምን ከርመዋል? የጫግኒ ሙቀት ለወገብዎ ተስማማዎት ወይ? ዓይንዎስ? እኔ ብርዱ ሲነካው ጉልበቴ ከመጠዝጠዙ በቀር፣ አምላክ ይመስገን፣ ቆሜ አስተምራለሁ። በስልክ የልጅዎን ስም ባነሣሁ ቁጥር «ኔትወርኩ አይሰማም» እያሉ ስለሚዘጉብኝ ነው መጻፌ። ደብዳቤ እንደ ስልክ አይዘጋም። መነጽርዎን አድርገው ራስዎ ያንብቡት፤ ለሰው አያስነብቡት።

መኪና መግዛቴን ሰምተዋል። «ብቻዋን ለምትኖር ሴት መኪና ምን ያደርግላታል?» ብለዋል አሉ፤ አልተቀየምሁም። ትንሽ ናት፤ ያገለገለች፣ በኤሌክትሪክ የምትሄድ። ወደ ባሕር ዳር የተዛወረ የዩኒቨርሲቲ መምህር ነው የሸጠልኝ። ባትሪዋ ስላረጀ ሩቅ አትሄድም፤ ከቤት ትምህርት ቤት፣ ከትምህርት ቤት ገበያ፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን። ማታ እንደ ስልክ ሶኬት ላይ እሰካታለሁ። ለእኔ ኑሮ ትበቃለች። ቤንዚን ጠፍቶ ባጃጆቹ ማደያ ተሰልፈው ሲውሉ እኔ በአጠገባቸው ሽው ብዬ አልፋለሁ።

ድምፅ የላትም፣ እናቴ። ጠዋት ጭጋጉ መንገዱን ሲሸፍነው፣ ለከሰል የተተከለው ዛፍ ከግራና ከቀኝ እንደ ጥላ ሲቆም፣ መሬት የለቀቅሁ ይመስለኛል። ፈረሶች እንኳ አይደነግጡም፤ ቀና ብለው አይተውኝ ግጦሻቸውን ይቀጥላሉ። አንዳንዴ የምነዳ ሳይሆን የማልም ይመስለኛል። በሕልሜም ተለይቶኝ የሄደ ሰው የለም፤ ሁሉም በየቦታው አለ፤ እርስዎም ከጎኔ ተቀምጠዋል።

አሁን ወደምፈራው ነገር ልግባ።

ነሐሴ ሃያ ጠዋት ለተማሪዎች ምዝገባ ወደ ትምህርት ቤት እየሄድሁ ነበር። ያካፋል፤ ጭጋጉም ወርዷል። ከድልድዩ ወዲህ አንድ ሰው እጁን ዘረጋልኝ። አጠገቡ አንዲት ሴት አጥር ይዛ ጎንበስ ብላለች። ስጠጋ አወቅኋቸው፤ ባሌ የነበረው ልጅዎ ይኸነውና አሁን ያገባት ቤዛዊት ናቸው። እሱም አወቀኝ። የዘረጋውን እጅ ቀስ አድርጎ አወረደው።

አለፍኋቸው፣ እናቴ።

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ገና አልነገርሁም። «አላየኋቸውም» ብል በዚያ ጭጋግ ማን ይመሰክርብኛል? ዐሥር ዓመት አብሬው ኖሬ፣ ልጅ አልወለድሽልኝም ብሎ የሄደ ሰው ነው፤ ይቁም፣ ዝናብም ይምታው አልሁ በልቤ። ሞተሩ የሚጮህ መኪና ቢሆን ይሸፍንልኝ ነበር። የእኔ ግን ጸጥ ያለች ናት፤ መስኮቱ ተዘግቶም የሴትየዋ ሲቃ ከኋላዬ ተከትሎኝ ገባ። ኩርባው ጋ ስደርስ እጆቼ መሪውን አዞሩት። እኔ አዞርሁት ብዬ ልኮራበት አልደፍርም።

ምጥ ላይ ናት፤ አምቡላንሷ ሌላ ወላድ ልታመጣ ገጠር ወርዳለች፤ ባጃጅም የለም። ቤዛዊትን ከኋላ አስተኛናት፤ ይኸነው ጉልበቱን አጥፎ ከፊት ገባ። ሌሊቱን መብራት ጠፍቶ ስላደረ ባትሪው ላይ የቀረው ዘጠኝ ፐርሰንት ብቻ ነበር፤ ወደ ሆስፒታሉ ደግሞ ዳገት ነው። ማሞቂያውን አጠፋሁት። መስታወቱ በትንፋሻችን ሲደፈን ይኸነው በእጅጌው እየጠረገ «ወደ ግራ፣ አሁን ቀጥ በይ» ይለኛል። ከተለያየን ወዲህ የተነጋገርነው ያንን ብቻ ነው። ቁጥሩ ሁለት ሲደርስ ከእግረኛ አንፈጥንም ነበር።

ቤዛዊት ከኋላ ትከሻዬን ጨምድዳ ይዛለች። ምጡ ፋታ ሲሰጣት፣

«እትዬ፣ አልፈሽን ነበር አይደል?» አለችኝ።

«አዎ» አልኋት።

ትከሻዬን ሳትለቅ፣ «እኔ መመለስሽን ነው የማውቀው» አለች።

የሆስፒታሉ በር ላይ መኪናዋ ቀጥ ብላ ቆመች። ደግፈን አስገባናት። ብዙም ሳትቆይ ወለደች፤ ሴት ልጅ። ይኸነው መድኃኒት ሊገዛ ወጥቶ ስለነበር አዋላጇ ሕፃኗን ይዛ ብቅ አለችና «ዘመድ ነዎት?» አለችኝ። «ነኝ» አልኋት። ዕቅፌ ላይ አደረገቻት። ግንባሯ የእርስዎ ነው፣ እናቴ፤ ቁርጥ የእርስዎ። ኋላ ውዱ የሚባል የበሩ ጥበቃ ከክፍሉ የኤሌክትሪክ ገመድ ስቦ መኪናዋን ሰካልኝ። እስክትሞላ ውስጧ ተቀምጬ አለቀስሁ። የደስታ ይሁን የሐዘን አልለየሁትም፤ ብቻ ቀለለኝ።

ለእኔ ብለው የልጅዎን ደጅ አልረግጥም ማለትዎን አውቃለሁ። ስድስት ዓመት ሙሉ ስለ እኔ ተቆጥተውልኛል፤ ይበቃል። ኅዳር ሲገባ ሰማንያ ቀኗ ሞልቶ ክርስትና ትነሣለች። ቤዛዊት ቤቴ ድረስ መጥታ የጠየቀችኝን ነገር እዚህ አልጽፈውም፤ ሲመጡ በዓይንዎ ያዩታል። መኪናዬ ጫግኒ አትደርስም። በሚኒባስ ይምጡ፤ እኔ ከመናኸሪያው እቀበልዎታለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ ይዘውልኝ ይምጡ። በተጋባን በሁለተኛው ዓመት ፈትለው ያሠሯት ትንሽ ጋቢ አለች፤ ከሣጥንዎ ሥር በአሮጌ ነጠላ የጠቀለሏት። እንዳላያትና እንዳላዝን መደበቅዎን አውቃለሁ። አንድ ቀን ሣጥኑን ሳይቆልፉ ወጥተው አየኋት። እንደነበረች አድርጌ መልሼ ጠቀለልኋት፤ ልነግርዎ ግን አፌ አልታዘዝ አለኝ። አሁን ታስፈልገኛለች። የኅዳር ጠዋት እዚህ ብርድ ነው፤ ሕፃኗ ከውኃው ስትወጣ እንዳታለቅስብኝ።

ዕድሜዎን ከጤና ጋር ያቆይልኝ። ልብዎን የያዘውን ቂም አምላክ ራሱ ያለዝብልዎ። ጉልበትዎን ስሜያለሁ።

ያኔም ዛሬም ልጅዎ