አውሮፕላን የሌለውን አብራሪያችንን ስላሰሩልን

ይድረስ ለተከበሩ አቶ ያረጋል፣ የዋርካ ማዶ ቀበሌ የጸጥታ ኃላፊ
ጥቅምት 2007 ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ጉሮሮዎስ? በሜጋፎን ሲያውጁ ከዋሉበት ቀን ወዲህ ድምፅዎ ሻክሯል ሲባል ሰምቼ ሎሚና ዝንጅብል ልልክልዎ አስቤ ነበር፤ ወሬኛ ሴት ላከችው ተብሎ እንዳይመረመር ሰግቼ ተውኩት። ይልቅስ በየወሩ የቆላውን ወሬ በመጽሔት እንደምጽፍ ስለሚያውቁ፣ ይህችን ደብዳቤም እዚያው ላወጣት ነበር። ዳሩ ግን መጽሔቱ ታትሞ እኛ ዘንድ እስኪደርስ ነገሩ ሁሉ ስለሚያልቅ፣ በእፀገነት ኢንተርኔት ቤት በር ላይ ለጥፌያታለሁ። በሩን ያውቁታል።

ጉዳዬ አንድ ነው። የትራክተር ኦፕሬተሩ አንዱአምላክ ነገ ጧት ወደ ጎንደር ከመላኩ በፊት፣ ዛሬ ይፈታልን። ይህን የምለው ለቀበሌያችን ካደረጉት ውለታ አንዱንም ሳልዘነጋ ነው፤ ውለታዎን በተራ ላንሳው።

አንደኛ፣ በእፀገነት በር ቆመው ስላዳመጡ አመሰግናለሁ። ጆሮውን ለሕዝብ የሰጠ ኃላፊ ማግኘት ዕድል ነው። ቢገቡ ኖሮ ግን ወንበር ይሳብልዎትና ነገሩን በዓይንዎ ያዩት ነበር። አንዱአምላክ ማታ ማታ ከእርሻ ሲመለስ በኮምፒውተር የጦር አውሮፕላን ያበራል፤ በኢንተርኔት ከሩቅ አገር ሰዎች ጋር ይገጥማል፤ እነሱ እሱን ሊጥሉ፣ እሱ እነሱን ሊጥል። ጨዋታ ነው። ባለፈው ክረምት ሲጀምር የቤቱ መሳቂያ ነበር። እጁ የትራክተር መሪ ታግሎ ማዞር ስለለመደ፣ የጨዋታውን ዘንግ ባለ በሌለ ኃይሉ ሲስበው አውሮፕላኑ ፍጥነት ያጣና እንደ ድንጋይ ይወርዳል። እፀገነት «አንተ፣ ጠረጴዛዬን ልታርስልኝ ነው?» ስትለው፣ እሱ «ዝም በይ አንቺ፣ ነፋስ ነው የጣለኝ» ይላል። ጉራውን መቼም አያጡትም።

ኋላ ባቢክር የሚባል የገዳሪፍ መምህር እዚያው ጨዋታው ላይ ተዋወቀውና፣ በድንበራችን አረብኛ «ሹወያ ሹወያ»፣ ቀስ በቀስ ማለቱ ነው፣ እያለ ሰው አደረገው። ዘንጉን በጣቶቹ ጫፍ እንዲይዝ፣ ከመግጠሙ በፊት ከፍታ እንዲያገኝ፣ ከፊቱ ያለውን ሲያሳድድ የኋላውን እንዳይረሳ፣ ከሩቅ ጥይት እንዳይበትን አስተማረው። የኢንተርኔቱ መስመር እኛ ዘንድ ስለሚዘገይ፣ ጠላት ያለበትን ሳይሆን የሚደርስበትን እያሰበ እንዲተኩስም ነገረው። ከሁሉ የከበደው የተሸነፈበትን ጨዋታ መልሶ ከፍቶ ስሕተቱን መፈለግ ነበር። ለጉረኛ ይህ ሞት ነው። ግን ቁጭ ብሎ አየ፣ አየና አወቀ። ባቢክር በተለይ ያጠበቀበት፣ ማን እንደሆነ ሳይለዩ አለመተኮስን ነው፤ አንዱአምላክ በመጀመሪያው ሰሞን የገዛ ጓዱን ባቢክርን ደጋግሞ ጥሎታልና። ይህችን ትምህርት ለክቡርነትዎም በታላቅ ትሕትና አስተላልፋለሁ።

እንግዲህ ያን ዕለት፣ የግሪሳ ወፍ መንጋ ማሽላችን ላይ ሰፍሮ መድኃኒት የሚረጨውን አውሮፕላን አንገታችንን ሰቅለን ስንጠብቅ፣ አንዱአምላክ ለባቢክር «ነገ ጧት ሁለት አውሮፕላን ሆነን፣ ዝቅ ብለን በወንዙ በኩል እንገባለን» ሲል ሰሙ። ኦፕሬተር ስለሆነ ከረጪዎቹ ጋር የሚነጋገር መሰለዎት። አንድ እግርዎን ወደ ውስጥ አስገብተው «የምን አውሮፕላን ነው?» ቢሉ ያበቃ ነበር። ክብርዎ ግን መጠየቅ አልወደደም።

ሁለተኛ፣ ስለ ፍጥነትዎ አመሰግናለሁ። ሜጋፎን ይዘው «ነገ ጧት ረጪው አውሮፕላን ይመጣል» እያሉ በሞተር ሳይክል ቀበሌውን አዳረሱት። መድኃኒት ሊረጭ ሲል ሰው ከማሳ ይወጣል፣ ውሃ ይከደናል፣ ከብት ከበረት አይወጣም፤ ደንባችን ነውና ሁሉም ታዘዘ። ከወሎና ከጎጃም ለአጨዳ የመጡት ሠራተኞች ከካምፕ ሳይወጡ ዋሉ፤ ወፍ ጠባቂዎችም ጅራፋቸውን ጠቅልለው ከማማቸው ወረዱ። ከግሪሳው በስተቀር ሰማዩ ላይ ዝር ያለ አልነበረም። ግሪሳው ጅራፍ የማይጮኽበት ማሽላ አግኝቶ ስለማያውቅ፣ የማተቤን ማሳ አገዳ ብቻ አስቀርቶለት ሄደ። ማተቤ የልጆቹን የዓመት ቀለብ ያጣ ሰው ነው፤ ባዶውን ዛላ በመዳፉ እያሻሸ «ሰርክአዲስ፣ እስቲ አንቺ ታውቂያለሽ፤ አውሮፕላኑ የተጠራው ለኛ ነው ወይስ ለወፎቹ?» አለኝ። መልሱን ለርስዎ አቆይቼዋለሁ።

ሦስተኛ፣ ሕዝቡ አጥፊ ሲፈልግ እርስዎ ፈጥነው ስላገኙለት። ሚሊሻዎችዎ ሲገቡ አንዱአምላክ ማዳመጫውን ደፍቶ ግጥሚያ ላይ ነበር። ባቢክር ከገዳሪፍ ሆኖ «ወራክ፣ ወራክ» ይለዋል፤ ከኋላህ ነው ማለቱ ነው። እሱ ያየው የጠላት አውሮፕላን ነው። ትከሻውን የያዙት ግን የእኛዎቹ ነበሩ። አንዱአምላክ ዞር እንኳ ሳይል «ቆዩኝማ፣ ይሄን አንዱን ልጣልና» ብሎ ኖሮ፣ ይህችም ዛቻ ተብላ ተያዘችበት። እናቱ እሜቴ አሰበች ምሳ ይዘው ሲሄዱ፣ ክሱ ሐሰተኛ ወሬ መንዛት ብቻ እንዳልሆነ፣ ከድንበር ማዶ ሰው ጋር ስለ አውሮፕላን መመካከር የሚል እንደተጨመረበት ተነገራቸው። ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ቀልዴ ያልቃል። እንዲህ ያለ ቃል አንዴ ከቀበሌ ወጥቶ ጎንደር ከደረሰ፣ ጨዋታ ነበር ብሎ የሚመልሰው የለም። እኔ እስከማውቀው ደግሞ ወሬውን በሜጋፎን የነዛው አንዱአምላክ አይደለም።

አራተኛ፣ ትናንት እውነተኛው መልእክት ደረሰዎ፤ ረጪው አውሮፕላን ነገ ማለዳ ይመጣል። እርስዎም ሜጋፎንዎን አንስተው ዞሩ። ማንም ንቅንቅ አላለም። አጫጆቹ «መጀመሪያ ይምጣና እናየዋለን» እያሉ ዛሬም ማሳ ውስጥ ናቸው፤ ወፍ ጠባቂው ከማማው አልወረደም፤ የውሃ በርሜሉ ሁሉ አፉን ከፍቷል። ሰው ማታለል የማይችሉ ሰው እንደሆኑ እኔ እመሰክርልዎታለሁ፤ ማሳመንም ግን ያቃተዎት ይመስላል።

ስለዚህ የምለምንዎ ይህን ነው። አንዱአምላክን ዛሬውኑ ይፍቱት፤ ክሱን ይተዉለት። ከኋላዎ ሞተሩ ላይ ያስቀምጡትና በየማሳው እየዞሩ፣ ያን ዕለት የሰሙት ጨዋታ እንደነበረና ሳይጠይቁ ያወጁት እርስዎ እንደሆኑ በገዛ አፍዎ ይናገሩ። ቀጥሎ ሜጋፎኑን ለሱ ይስጡት። በዚሁ ወሬ የታሰረው ሰው ነጻ ወጥቶ «ይሄኛው እውነት ነው» ሲል፣ ያኔ ሰው ከማሳው ይወጣል። የተሸነፉበትን መልሶ ማየት እንደሚያም አውቃለሁ፤ ጉረኛው ልጃችን ግን ችሎታል።

ዝቅ ብዬ እጅ በመንሳት፣ ሥልጣንዎ እንደ ድምፅዎ ሩቅ እንዲሰማ፣ ጆሮዎ ደግሞ ከበሩ አልፎ እስከ ወንበሩ እንዲደርስ እየተመኘሁ፣ የዘወትር አክባሪዎና ስምዎን ከአፏ የማትለይ ጎረቤትዎ፣

ሰርክአዲስ ቸሩ

ማስታወሻ፦ ይህን ለጥፌ ስመለስ ባለቤትዎን ወይዘሮ ባየሽን መንገድ ላይ አገኘኋቸው። ነገ አውሮፕላን ይመጣል ተብሏል ብላቸው፣ «ማን አለ? ያረጋል ነው? እንግዲያስ አይመጣም» ብለው ፍየሎችዎን ወደ ወንዙ ነድተዋቸዋል። እርስዎ ቢነግሯቸው እንደማይሰሙ አረጋግጠውልኛል። አሁን ቀበሌው የሚያምነው አንድ ሰው ቀርቷል፤ የታሰረበት ክፍል ቁልፍ ደግሞ እርስዎ ኪስ ውስጥ ነው።