ጋራዡን ለእናትህ ልቀቅላት

«መኪና ውጭ ቢያድር ምን ይሆናል? ጋራዥ ውስጥ ያለውን ዕቃዬን ማንም እንዳይነካብኝ።»

ልጄ፣ ቃል በቃል እንዲህ ብለህ ጽፈሃል። ፈጣሪ ጤናህን አያጉድልብህ፤ ቁጣዬ ግን አልበረደም።

መኪናው አርጅቷል፤ ዝናብ ቢመታው ግድ የለኝም። ጋራዡ ግን ከወጥ ቤታችን ጋር በአንድ በር ይገናኛል፤ ደረጃ የለውም። እናትህ ዳሌዋ ላይ ቀዶ ጥገና ከተደረገላት ወዲህ ሳትቸገር መኪና ውስጥ የምትገባው በዚያ በኩል ብቻ ነው። ካርቶኖችህ ስለሞሉት መኪናውን ግቢ አቆማለሁ፤ እሷም አምስት ደረጃ ወርዳ ትሳፈራለች። ማክሰኞ ሐኪም ቤት ስንሄድ ዝናብ ባረጠበው ደረጃ ላይ ክራንቿ ተንሸራተተ። ክንዷን ባልይዝ ኖሮ ወድቃ ነበር።

«ዛሬውኑ ካርቶኖቹን አወጣቸዋለሁ» አልኳት።

«አንተ ሰውዬ፣ ልጄ አትንኩ ብሏል አይደል? ደግሞ እንዳትጽፍለት፤ ሥራ ላይ ሆኖ ይደነግጣል» አለችኝ። ከመውደቅ ለጥቂት ተርፋም የምታስበው ላንተ ነው!

ሦስት ዓመት ሙሉ ያልጠየቅኸው የብስክሌት ጎማና የድምፅ ማጉያ ከእሷ አጥንት አይበልጥም።

ራስህን ጠብቅ፤ መንገድህ ይቅና። «አንሱት» የሚለውን ቃል ግን በእጅህ ጽፈህ፣ ለእኔ ሳይሆን ለእሷ ላክላት፤ ካንተ ካልመጣ አትሰማም። እስከ ወሩ አሥራ አምስት ይድረሰን፤ በአሥራ ስድስት ጠዋት ሐኪሙ ይጠብቃታል።

አባትህ