ከመስመሩ በላይ የወጣው የራዲያተር ውሃ

እሁድ

በጁበይሃ ሰፈር ላለው ምድር ቤት ነዋሪዎች በሙሉ፣ ማለትም ለእኔና ለወርቄ፣ የሚከተለው በጥልቅ ሐዘን ይገለጻል፤ ዛሬ ጠዋት ከአቡ ናስር የጭነት መኪና ሥር ሰሃን የሚያህል ኩሬ ተገኝቷል። አረንጓዴ ቢጤ። ምንጩ ያልታወቀ።

አቡ ናስር አከራያችን ነው፤ ከበላያችን ይኖራል። ኩሬውን በጫማው ጫፍ ነካ አድርጎ፣ "የኤሲ ውሃ ነው፣ ያ ቢንቲ፣ ልጄ" አለኝ። መኪናዋ ኤሲ የላትም። መጠርጠር የጀመርኩት ያኔ ነው።

ቀልድ አይደለም። እዚህ ዐረብ አገር ኮሮና ከገባ ወዲህ መዳሞቹ ለሰዓት ሠራተኛ በር አይከፍቱም። የቀረን ከከተማው ዳር ሳሃብ ያለው የብስኩት ፋብሪካ ጽዳት ብቻ ነው። ሐዝሩ፣ የሰዓት እላፊው፣ ሳይነሳ በማለዳ ለመውጣት ተስሪሕ፣ የይለፍ ወረቀት፣ ያላት መኪና ደግሞ ይቺው አፍንጫ ረጅም አሮጊት ናት። የፋብሪካውን ካርቶን ከኋላ፣ እኛን ጋቢና። እሷ ከቆመች እኛም ቆምን።

ሰኞ

ሳሃብ ሳንደርስ የሙቀቱ ቀስት ቀዩን ነካ። እንፋሎት። መንገድ ዳር ቆምን። ወርቄ ኮፈኑ ላይ እጇን ጭና መጸለይ ጀመረች፤ ትኩስ ስለነበር አሜን ሳትል አነሳችው። እኔ የራዲያተሩን ክዳን ልከፍት ስል አቡ ናስር፣ "ሳይበርድ ከነካሽው ፊትሽን ይልጠዋል" ብሎ እጄን መታኝ። ጠበቅን። ውሃ ጨመረ። ዘግይተን ገባን።

ሙዲሩ፣ የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ፣ ሁለት ሜትር ርቆ፣ "ቅዳሜ ተቆጣጣሪዎች ይመጣሉ። ያን ቀን ብታረፍዱ በቦታችሁ ሌሎች አሉ" አለን። ርቀቱን ጠብቆ ማስፈራራት ይችልበታል።

ማክሰኞ

ከሥራ ስንመለስ መካኒክ መጣ። ማስኩ አገጩ ላይ። ሞተሩን እንደ ታመመ የሩቅ ዘመድ ቆሞ አየው፤ እጁን አላቆሸሸም። "የሞተሩ ራስ ጋስኬት ተቃጥሏል። ሞተሩ ይፈታል። ሁለት ሳምንት።"

አቡ ናስር የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዘዘና አፍንጫው ሥር ያዘለት። "ጋስኬት ቢሆን ዘይቱ ውሃ ገብቶበት ሻይ በወተት ይመስል ነበር። ይኸው፣ ጥቁር ነው። ነጭ ጭስስ የታለ?" መካኒኩ ማስኩን አፉ ላይ አወጣ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ።

የተጠርጣሪዎች ዝርዝር፦ ራዲያተሩ። ውሃ ፓምፑ። የጎማ ቱቦዎቹ። መካኒኩ። ወርቄ።

ወርቄ ለምን? ጠዋት ጠዋት ሙሉ ጆግ ይዛ ትወጣለች፣ ባዶውን ይዛ ትገባለች። "አበባ አጠጥቼ ነው" ትላለች። ግቢው ውስጥ አበባ የለም።

ኡም ኡዘይና ሰፈር ስሠራ መዳሜ የጭማቂ ጠርሙሱ ላይ በእስክሪብቶ መስመር ታሰምር ነበር፣ እንዳልጠጣባት። ዛሬ እኔም በተራዬ መዳም ሆንኩ። ሞተሩ ከበረደ በኋላ፣ የራዲያተሩ ትርፍ ውሃ የሚጠራቀምበት ፕላስቲክ ላይ፣ ውሃው በደረሰበት ልክ አሰመርኩ።

ረቡዕ

ማለዳ አየሁት። ውሃው ከመስመሩ ሁለት ጣት በላይ ነው። የሚያፈስ መኪና ጨመረ! ውሃ በሳምንት አንዴ በሚመጣበት ከተማ ውሃ የሚያፈልቅ ሞተር ተገኘ። እዚህ ግቢ አንድ አጭበርባሪ አለ።

በሩ ኋላ ቆምኩ። መጀመሪያ ወርቄ ከነጆጓ። እሷ ገባ ስትል አቡ ናስር በፒጃማ፣ የሻይ ማንቆርቆሪያ ይዞ። ሁለቱንም አስቆምኳቸው። ትናንት ማታም እንዲሁ ማድረጋቸውን አመኑ።

ወርቄ፣ "እህት ጽጌ፣ ጎድሏል ብሎ ጋራዥ አስገብቷት እንዳያስቀረን ብዬ ነው፤ ጌታ ያውቃል።" እሱ፣ "እናንተ ፈርታችሁ ሌላ መኪና እንዳትፈልጉ ብዬ ነው፤ ወላሂ።"

ከልክ በላይ የሞላው ውሃ ሲግል በትርፉ ቱቦ ተገፍቶ ይፈሳል። ከኩሬው ገሚሱ ይኸው ነው። ዋናው ቀዳዳ ግን በኛ ጎርፍ ተደብቋል።

አዋጅ፦ ከዛሬ ጀምሮ መንገድ ላይ ካልጋለ በቀር ማንም ውሃ እንዳይጨምር።

ሐሙስ

መካኒኩ ማክሰኞ መሬት ላይ ያለውን ጠብታ አይቶ ወደ ላይ ገመተ። እኛ የጽዳት ሰዎች ከላይ ወደ ታች ነው የምንሄደው። የበረደውን ሞተር አጥበን ጥርስ እስኪመስል አደረቅነው። ከማራገቢያው እየራቅን በየቱቦው መጋጠሚያ ሶፍት ጠመጠምን። አቡ ናስር፣ "ሙሽራ አደረጋችኋት" አለ። አስነሳ፣ አሞቀ፣ አጠፋ።

ሁሉም ሶፍት ደረቅ ነው። ከውሃ ፓምፑ ጀርባ ካለችው አጭር ቱቦ በቀር፤ እዚያ አረንጓዴ። ሞተሩ ሲበርድ አቡ ናስር አጠፍ ሲያደርጋት ከማሰሪያዋ ሥር ስንጥቁ አፉን ከፈተ። ሱቅ ሳይዘጋ ሮጠ።

አርብ

ሙሉ ሐዝር። ከተማው ጭጭ። አሮጌዋ ቱቦ ሙጭጭ ብላ እምቢ አለች፤ ወርቄ በቲማቲም ቢላችን ቀደደቻት። አዲስ ቱቦ፣ አዲስ ማሰሪያ። አረንጓዴውን ፀረ-ዝገት ከውሃ ጋር እስከ መስመሩ። አሙቀን አየን፤ ሶፍቱ ደረቅ። ወርቄ ጸለየች፤ ዛሬ ግን እንደ ሙዲሩ ሁለት ሜትር ርቃ።

ቅዳሜ

ሳሃብ ከተቆጣጣሪዎቹ ቀድመን ደረስን። ከቀስቱ ዓይኔን አልነቀልኩም፤ መሃል ላይ ተኝቷል። ሙዲሩ ሰዓቱን አየ። ማታ ሲበርድ ውሃው ልክ መስመሩ ላይ ነው። እንዲህ ልክ መሆኑ ራሱ ያጠራጥራል።

ማረሚያ፦ በረቡዕ ማስታወሻ "አንድ አጭበርባሪ አለ" የተባለው "ሦስት" ተብሎ ይነበብ። እሁድ "ምንጩ ያልታወቀ" የተባለው ኩሬም ምንጩ ይታወቃል፤ በዋዜማው የሙቀቱን ቀስት መውጣት አይቼ፣ ማንም ሳያየኝ፣ አንድ ጆግ ሙሉ የጨመርኩት እኔ ነኝ።