ጥፊ የለመደው ፍሪጅ

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽን እጠይቃለሁ። ወገብሽ ተሻለሽ? ክፍልሽ አሁንም በአንድ በኩል ብቻ ነው የሚሞቀው? የኢንሹራንስ ሥራሽስ እንዴት ነው? ወረቀት የሚበዛበት ሥራ ነው ይላሉ፣ እግዚአብሔር ያበርታሽ። እኛ ደህና ነን። አባባም ደህና ናቸው። የጉልበታቸውን ነገር አላነሳብሽም፣ እሳቸው ቀኑን ሙሉ ሲያነሱት ይውላሉ።

“ጻፊልኝ፣ ግን ስለ አባባ አትጻፊልኝ” ብለሽኝ ነበር። እሳቸውም ደብዳቤሽ ሲመጣ ጋዜጣቸውን ዘርግተው ይደበቁበታል፤ ጋዜጣው ያለፈው ወር ነው። በመሃላችሁ ግድግዳ ሆኜ መቆም ሰልችቶኛል። ሁለታችሁም ትደገፉብኛላችሁ እንጂ ማንም አያናግረኝም። ስለዚህ ዛሬ ስለ አባባ እጽፋለሁ። ከተናደድሽም ተናደጂ፣ ብቻ ደብዳቤውን ጨርሺው።

ነገሩ የጀመረው ከሥራ ቦታዬ ነው። እንደምታውቂው የጥርስ ክሊኒኩ እንግዳ ተቀባይ ነኝ። የመሰርሰሪያው ድምፅ እስከ መጠበቂያ ክፍሉ ይሰማል፣ የበሽተኛውም ጥርስ ተራው ሲደርስ በተአምር ይድናል። “ተሽሎኛል” ይልና ውልቅ ነው። ሐኪሙ ጠርተውኝ ሰው የሚያረጋጋ ሙዚቃ እንድፈልግ አዘዙኝ። መጀመሪያ የፍቅር ዘፈን ከፈትኩ። አንዲት ሴትዮ ገና መርፌ ሳትወጋ ተንሰቀሰቀች። አንድ የታክሲ ሹፌር ደግሞ አፉን እንደከፈተ አዝማቹን ሊያነሳ ሲሞክር የሐኪሙን ጣት ነከሰው። ከዚያ በኋላ ዘፋኝ የሌለበት ይሁን ተባለ።

እንዲህ ነው አምቢየንት ከሚባለው ሙዚቃ ጋር የተገናኘሁት። አዎ፣ ያው ያንቺ ጉድ ነው። ዘፋኝ የለው፣ ከበሮ የለው፣ የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ የማይታወቅ፣ ቤቱን ሞልቶ ዝም ብሎ የሚውል ድምፅ። የቢሮ ሥራሽን የለቀቅሽበት፣ አባባ “ዘፈን የሌለው ዘፋኝ አላሳደግሁም” ብለው የጮኹበት፣ አንቺም በሩን ወርውረሽ የወጣሽበት። በኋላ “ትቼዋለሁ፣ ኢንሹራንስ ገብቻለሁ” ብለሽ ጻፍሽልኝ። እኔም ላባባ እንደዚሁ ነገርኳቸው።

የሠሪዎቹ ስም ለምላስ ስለማይመች ሐኪሙና እኔ ቅጽል አወጣንላቸው። ባለጉሙ ብዙ አልበም አለው። የመጀመሪያው እውነትም ያረጋጋል። ሁለተኛው ዘበኛውን ከነወንበሩ አስተኛው። ሦስተኛውን ስከፍት በሽተኞቹ ስፒከሩ የተበላሸ መስሏቸው ሊጠግኑልኝ ተነሱ። ባለደወሉ ጥሩ ሰው ይመስለኛል፣ ግን በየመሃሉ አንዲት ደወል አለችው፣ እሷ በጮኸች ቁጥር ክፍሉ በሙሉ “የኔ ተራ ነው” እያለ ይነሳል። ጥርስ ለመነቀል ሰው ሲጋፋ ያየሁት ያን ቀን ነው። ባለውሃውን ሐኪሙ ከሁሉ አስበልጠው ይወዱታል። ጠብታ፣ ዝናብ፣ ወንዝ ነው። እኔ ግን የመጸዳጃ ቤቱ ሰልፍ ኮሪደሩን ሲሞላ ዘጋሁት። ሐኪሙ ሁለተኛው አልበሙ ይሻላል ብለው ተከራከሩኝ። ሁለተኛው ፏፏቴ ነው።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ውርደት እንዳይደገም እያንዳንዱን አልበም መጀመሪያ ቤት መፈተሽ ጀመርኩ። ፈታኙም አባባ ሆኑ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ፍሪጅ ሲጠግኑ የኖሩ ሰው መሆናቸውን ረስቼ ነው። የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ ደግነው በሽታውን ሲያዳምጡ ታስታውሻለሽ። ስፒከሬንም እንደዚያው አደረጉት። ባለጉሙን አዳምጠው “ሞተሩ ጤነኛ ነው፣ ግን ቤቱ ውስጥ ሰው የለም” አሉ። ባለደወሉን ቴርሞስታቱ አልቆለታል አሉት። ባለውሃው ሲጀምር ተነስተው ቧንቧ ሊዘጉ ሄዱ። በየመሃሉ ደግሞ “ለመሆኑ ይህን የሚሠራ ሰው እንጀራ ይወጣለታል?” ይሉኛል። የማንን እንጀራ እንደሚጠይቁ እኔም አውቃለሁ፣ እሳቸውም ያውቃሉ። “እንጃ” እላቸዋለሁ፣ ወደ ጋዜጣቸው ይመለሳሉ።

ባለፈው እሑድ ከሰዓት ሳሎን ተቀምጠን የባለውሃው አልበም አለቀና ስልኬ በገዛ ፈቃዱ ሌላ ጀመረ። ሠሪው “ጓዳ” ይባላል። ፎቶ የለው፣ አድራሻ የለው፣ ስለ ራሱ አንዲት መስመር እንኳ አልጻፈም። የአልበሙ ስም “ከግድግዳው ወዲህ” ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ሥራዎች ወደድኳቸው። ከባለጉሙ ይሞቃሉ፣ ከባለደወሉ ጨዋ ናቸው። አባባም ካቻቢቴያቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ሦስተኛው ላይ አንድ ነገር ቀጭ አለ፣ ሞተር ማንጎራጎር ጀመረ፣ ቀጥሎ መንቀጥቀጥ መጣ፣ ከላዩም የድስት ክዳን ተንገጫገጨ።

የኛን ፍሪጅ ላንቺ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ሊያርፍ ሲል ወባ እንደያዘው ሰው ይንቀጠቀጣል። የአልጋሽ ራስጌ ከወጥ ቤቱ ግድግዳ ጋር ስለነበር ስንት ዓመት እንቅልፍ ነሳሽ። አባባ የሰፈሩን ፍሪጅ ሁሉ በሙያ ሲጠግኑ የራሳቸውን በጥፊ ነው የሚያስተዳድሩት። ጎኗን ሁለት ጊዜ ይሏትና “በቃ፣ እረፊ” ይሏታል፤ እሳቸው ዘንድ ፍሪጅ ሴት ናት። እማዬ ነፍሷን ይማረውና “እኔን ከማናገር እሷን ማናገር ይቀለዋል” ትል ነበር።

እሑድም መንቀጥቀጡን ሲሰሙ “ጉልበቴን” ሳይሉ ብድግ አሉ፣ ወጥ ቤት ገቡ፣ እጃቸውን ለጥፊ አነሱ። እጃቸው እንደተነሳ ቀረ። የፍሪጁ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ ሶኬቱ ተነቅሎ መሬት ላይ ተጋድሟል፣ በረዶው እየቀለጠ ይንጠባጠባል። ጠዋት ለማጽዳት የነቀሉት ራሳቸው ናቸው። እኔ ከኋላቸው ቆሜያለሁ። መንቀጥቀጡ ከሳሎን ነው የሚመጣው። ያኔ ከስፒከሩ ሁለት ጥፊ ተሰማ፣ ጧ፣ ጧ። ቀጥሎ ከሆድ የሚወጣ ረጅም ሳል። ሞተሩም ጸጥ አለ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፣ አባባ ግን ሳላቸውን አወቁት። “ይሄ የድሮ ሳል ነው። ሲጋራ ሳልተው” አሉ። ሲጋራ የተዉት አንቺ በሄድሽ ወር ነው።

ተመልሰው ተቀመጡና እንድደግመው ጠየቁኝ። ደገምኩት። አሁንም ድገሚው አሉ። ውሃው ከወጥ ቤት አልፎ ሳሎን ሲደርስ ሁለታችንም እግራችንን ወንበር ላይ ሰቀልን እንጂ የተነሳ የለም። በመጨረሻ ፍርዳቸውን ሰጡ። ከሁሉም ይሄ ይበልጣል አሉ፣ ይሄኛው ቤት ውስጥ ሰው አለ፣ የሠራውም ሰው ጎበዝ ነው፣ ሳሉን ቆርጦ አልጣለውም። መሐረብ አውጥተው ዓይናቸውን ሲጠርጉ ቀና ብዬ አየኋቸው። አቧራ ነው አሉኝ። ቤቱ በሙሉ ውሃ ነበር። እህቴ፣ እኔም አለቀስኩ።

አልበሙን ሰኞ ክሊኒክ ወሰድኩት። ጥፊው ሲሰማ በሽተኛው ሁሉ ቀጥ ብሎ ይቀመጣል፣ እስካሁን አንድም አልሸሸም። ሐኪሙም ባለውሃውን ከዱት።

አሁን ወደ መልእክቱ ልምጣ። ትናንት አዲስ ፍሪጅ እንግዛ ብዬ የቆየ ጥያቄዬን ባነሳ አባባ ተቆጡ፤ ይቺ ፍሪጅ እሳቸው ሳይሞቱ ከዚህ ቤት አትወጣም አሉ። ከዚያ ጋዜጣቸውን አጥፈው “ለእህትሽ ስትጽፊ ፍሪጇ ደህና ናት በያት” አሉኝ። ከሄድሽ ጀምሮ “እህትሽ” ሲሉ የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ሌላስ ምን ልበላት አልኳቸው። ቅጂው ላይ ወፍራሙ ድምፅ ሳስቷል አሉ፣ ወፍራሙ ድምፅ ያለው ከጀርባዋ ነው፣ በግድግዳ በኩል አይያዝም፣ በደንብ መቅዳት የፈለገ ሰው ካለ ይምጣ፣ እሳቸው ስበው ያወጡለታል።

ይህ ሁሉ ለአንድ የኢንሹራንስ ሠራተኛ ምን እንደሚረባት አላውቅም። እኔ የተባልኩትን ነው የጻፍኩት።

ብቻ ከትናንት ጀምሮ ፍሪጁ ከግድግዳው ተስቦ ወጥ ቤቱ መሃል ቆሟል። ብቻቸውን ነው የሳቡት፣ በዚያ ጉልበታቸው። እኔ በጎን እየተሽሎከለክሁ አበስላለሁ። ወደ ቦታው እንመልሰው ስላቸው፣ ይቆይ፣ አንድ ሰው እየጠበቅሁ ነው ይሉኛል።

እግዚአብሔር መንገድሽን ያቅናልሽ፣ ወገብሽንም ያጽናልሽ። ለኢንሹራንስ አለቃሽ የከበረ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ። ፈቃድ አልሰጥም ካለሽ ስልኩን ላኪልኝ፣ እኔ አነጋግረዋለሁ።

ግድግዳ መሆን የሰለቻት
ታናሽ እህትሽ