የዱዌይን ሰፊ ጀልባ

ለእህቴ ለቬልማ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ወገብሽ ተሻለሽ ወይ? ባልሽ ኦርቪልስ ዓይኑን ከታከመ ወዲህ ደህና ያያል? ስንዴያችሁ ዝናብ አገኘ? እኔ ጉልበቴን ከሚቆረጥመኝ በቀር ደህና ነኝ። ደህና ያልሆነው ልጅሽ ነው።

ዱዌይን የሸራ ጀልባ ገዛ። ሠላሳ ሦስት ጫማ ናት። በጁላይ ሚስቱን ሼሊንና ትንሿን ልጃቸውን ኮራን ይዞ ኒውፋውንድላንድ ድረስ ሊሄድባት ነው። "አጎቴ፣ እይማ! ሁለት መኝታ ክፍል፣ ገላ መታጠቢያ፣ ማቀዝቀዣ!" አለኝ። "ጀልባ ነው የገዛኸው ሆቴል?" አልኩት። ቬልማ፣ ታስጠላለች። ኋላዋ እንደ ገበታ ሰፊ ነው፤ ከሆዷ ሥር ቀጥ አድርጎ የሚይዛት የእርሳስ ክብደት ለስሙ ያህል ነው። ከላይ ደግሞ የፀሐይ መብራት ሰሌዳና ትርፍ ጀልባ ጭኖባታል። ታች መክበድ ሲገባት አናቷ ከበደ።

አራታችን ወጥተን ሞከርናት። በለስላሳ ነፋስ ጥሩ ትሮጣለች፤ አልዋሽም። ደሴቱን ስናልፍ ግን ነፋሱ በረታ፤ ጋደል ስትል ያ ሰፊ ኋላዋ ተነሥቶ መሪዋን ከውሃ አወጣው። ልጅሽ መሪውን ቢያዞር ባያዞር እሷ በገዛ ፈቃዷ ፊቷን ወደ ነፋሱ መለሰች። ሆዷ ከማዕበሉ ጋር ሲላተም ጥርሴ ተንገጫገጨ። እሱ "ትለምደዋለህ!" እያለ ይስቃል። ሼሊ ኮራን አጥብቃ ያዘች።

ባለፈው ሳምንት ቅዳሜ ለጥገና ያወረደውን የሸራ ምሰሶ መልሶ ሲያስተክል፣ ለመልካም ዕድል ሥሩ የሚቀመጠውን ሳንቲም እንዳኖርለት ይዞልኝ መጣ። ሽማግሌ ሳንቲም የሚያኖረው ላመነባት ጀልባ ብቻ እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ አባታችን ስንቱን እንደመለሰ አይተሻል። እጄን ኪሴ ከተትኩ። ምሰሶው አየር ላይ ተንጠልጥሏል፣ ወደቡ ሁሉ ያያል። ያ ለፍላፊ ቤርቲ ምሰሶውን ካንጠለጠለው ማንሻ ላይ ሆኖ "ኤኖስ፣ ሳንቲሟ ከበደችህ እንዴ?" አለኝ። "ከጀልባዋ እርሳስ ሳትከብድ አትቀርም" አልኩት። ሰው ሁሉ ሳቀ። ዱዌይን ፊቱ ቀልቶ "ቀንተህ ነው! አንተ የሠራሃቸው ጀልባዎች ሁሉ የሬሳ ሣጥን ናቸው" ብሎ ሳንቲሙን ራሱ ምሰሶው ሥር ወረወረው። ከዚያ ወዲህ አልደወለልኝም።

አዋረድከው ይሉኛል። ይበሉ። ሳንቲሙን ባኖር ኖሮ ሼሊ እኔን አምና ልጇን ይዛ ትሳፈር ነበር።

አንቺ እናቱ ነሽ፤ ደውዪለት። ላይ የጫነውን ያውርድ፣ ከዳርቻው አይራቅ፣ ነፋሱ ሳይበረታ ሸራውን ይቀንስ። እምቢ ካለም ይሂድ፤ ኮራን ግን እኔ ጋ ይተዋት። ፎቁ ላይ አልጋ አንጥፌላታለሁ። ሼሊ ትናንት ብቻዋን መጥታ አየችው። የልጅቷን ትራስ አልጋው ላይ አስቀምጣ ሄደች።

ኦርቪልን አጥብቀሽ ሰላም በይልኝ፣ መነጽሩን እንዳይረሳ። አማትሽን ወይዘሮ ኤዲትን ጉንጫቸውን ሳሚልኝ። ለጃኒስና ለባሏም ሰላምታዬ ይድረስ።

ታላቅ ወንድምሽ ኤኖስ
ብሉ ሮክስ፣ ኖቫ ስኮሺያ
ጁን 19 ቀን 2016