ጀርባዬን ለሜዳው ሰጥቼ

ይድረስ ለውድ ወንድሜ ለኒቆዲሞስ፣

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ ወገብህ ዳግመኛ አላመመህም? የዶሃ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? የምትበላውስ ይስማማሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ ከቤታችን የጎደልከው አንተ ብቻ ነህ። እንኳን ለዐቢይ ጾም በሰላም አደረሰህ። ዘንድሮ ረመዳንም አብሮ ስለገባ ሰፈሩ በሙሉ ጾመኛ ሆኗል።

ይህን ደብዳቤ የምታደርስልህ የጎረቤታችን ልጅ ራሕማ ናት። እዚያው ዶሃ ሥራ አግኝታ ማክሰኞ ትሄዳለች። በስልክ ሲሆን «ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ» ተባብለን እንዘጋዋለን። ስለዚህ የደበቅሁህን ነገር ቁጭ ብዬ ልጻፍልህ አልኩ።

ኒቆ፣ አስጨፋሪ ሆኛለሁ። አዎ፣ የሰፈራችን ቡድን አስጨፋሪ፣ አንተ ትቆምበት በነበረው ቦታ ላይ። አትሳቅ።

አንተ ከሄድክ ጀምሮ አራት ዓመት ሙሉ ደጋፊው መጥቶ ዝም ብሎ ነበር የሚቀመጠው። ጋሽ ወርሳሜ ከበሯቸውን ብቻቸውን ይመታሉ፤ የሚቀበላቸው የለም። እኔም ሳምንቱን ኢንዱስትሪ ፓርክ ስሰፋ ከርሜ እሁድ ሜዳ የምሄደው ለኳሱ ብዬ አልነበረም። አንተ የቆምክበትን ቦታ አይቼ ለመመለስ ነበር። ጥቅምት ላይ አንድ ቀን ዝምታው አንገበገበኝና ሳላስበው ተነስቼ አንተ ትቆምበት የነበረው ቦታ ላይ ወጣሁ። ገና ከመጀመሬ ድምፄ ተሰነጠቀና እንደ ፍየል ጮህኩ። ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ሻሼን ፊቴ ላይ ጣል አድርጌ እያለቀስኩ ቤት ገባሁ። እማዬ ደግሞ «ደግ አደረጉሽ! ሴት ልጅ አደባባይ ወጥታ ትጮሃለች?» ብላ ጨመረችልኝ።

በማግስቱ ጋሽ ወርሳሜ ቤት ድረስ መጡ። «ስሚ አቦ፣» አሉኝ፣ «ወንድምሽም የመጀመሪያው ቀን ድምፁ ጠፍቶበት አልቅሶ ነው የሄደው። ለማንም እንዳልናገር አስምሎኝ ነው ዝም ያልኩት።» ለምን ደበቅከኝ? እኔ እኮ አንተ ከተወለድክ ጀምሮ እንደዚያ የምትጮህ ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሥራ መልስ ደቻቱ እየወረድን ያለማምዱኝ ጀመር። ወንዙ ደርቆ አሸዋ ብቻ ነው። እሳቸው በወዲያኛው ዳር ይቆማሉ፣ እኔ በወዲህኛው። የምለው ቃል ጥርት ብሎ ሲደርሳቸው እጃቸውን ያነሳሉ። የመጀመሪያው ቅዳሜ እጃቸው አንዴም ሳይነሳ መሸ። «ከጉሮሮሽ ሳይሆን ከሆድሽ አምጪው! ሰዉ ሲቀበልሽ ደግሞ ዝም ብለሽ ተንፍሺ» ይሉኛል። የሶማልኛውን ግጥም ያቃናችልኝ አብራኝ የምትሰፋው ዓሻ ናት። ለካ አሸንፉ ያልኩ እየመሰለኝ ሌላ ነገር ነበር የምለው። ምን እንደነበር እስከ ዛሬ አልነገረችኝም፤ ትስቃለች ብቻ።

ከሁሉ የከበደኝ ግን ጀርባዬን ለሜዳው ሰጥቼ መቆም ነው። ዞር ባልኩ ቁጥር ጋሽ ወርሳሜ ከበሮውን ያቆሙብኛል። «ኳሱን ሌላው ያየዋል፤ አንቺ ሰዉን እዪ» ይላሉ። ያኔ አንተ ትዝ አልከኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ አንድም ጎል በዓይንህ አላየህም ማለት ነው። ቤት ስትገባ «ጎሉ እንዴት ነበር?» ብለህ የምትጠይቀን ለካ የምርህን ነው። እኔ ልታጫውተን ብለህ ይመስለኝ ነበር፤ ብዙ ጊዜም ሳልመልስልህ ቀርቻለሁ። አሁን ብትጠይቀኝ እያንዳንዱን እነግርህ ነበር።

የቅበላ እሁድ የሰፈሮች ዋንጫ ፍጻሜ ነበር። እማዬ ሳትነግረኝ ከቤተ ክርስቲያን መልስ መጥታ ጃንጥላዋን ዘርግታ ከዳር ተቀምጣለች። አንድ ለዜሮ እየተመራን ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ሰዉ ተነስቶ መውጣት ጀመረ። የምለው ሲጠፋኝ እጄን አንስቼ ሁሉንም ዝም አሰኘሁ፣ ከበሮውንም ጭምር። ከዚያ አንተ ያወጣኸውን ዜማ፣ ከሄድክ ወዲህ ማንም ከአፉ ያላወጣውን፣ ቀስ ብዬ ጀመርኩት። መጀመሪያ ጋሽ ወርሳሜ ተቀበሉኝ፣ ቀጥሎ ከታች ያሉት ሴቶች። የሚወጡት ባሉበት ቆሙ፤ ሁሉም አነሳው። ድንገት እማዬ ጃንጥላዋን ጥላ አፏን በሁለት እጇ ይዛ ብድግ ስትል አየኋት። ጎሉን በእሷ ፊት ላይ ነው ያየሁት፣ ኒቆ።

በኋላ በመለያ ምት ተሸነፍን። ወደ ቤት የተመለስኩት ከእማዬ ጋር ነው። በራችን ላይ ስንደርስ «ያ ዜማ የእሱ ነው አይደል?» አለችኝ። አዎ አልኳት። ቁልፉን ይዛ ብዙ ቆመች።

እዚያ ላይ ስትቆም የሰፈሩ ሰው በሙሉ ፊት ለፊትህ ነው። ማን እንደመጣ፣ ማን እንደቀረ ይታይሃል። እያስጨፈርኩም ቢሆን ዓይኔ ካንዱ ወደ አንዱ እየሄደ አንተን ይፈልጋል። እንደማትኖር እያወቅሁ እፈልግሃለሁ።

ትንሿ እህታችን ሶፊ እጅ ትነሳለች፤ ቁመቷ እኔን ሊያልፈኝ ነው፣ ብታያት አታውቃትም። ጋሽ ወርሳሜ «የከበሮው ቆዳ ተቀይሯል በይው» ብለውሃል። ዓሻም ሳታውቅህ ሰላምታ ልካለች። እማዬ በእመቤታችን ስም ትመርቅሃለች። አሁን አጠገቤ ተቀምጣ «መቼ ነው የሚመጣው ብለሽ ጠይቂው» ትላለች። እሱን ማስጨነቅ ነው፣ አልጽፍም ብያት ነበር።

መቼ ነው የምትመጣው?

እህትህ ስምረት
ድሬዳዋ፣ የካቲት 23 ቀን 2017 ዓ.ም.