የአባዬ ወንበር

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15 ቀን፣ ሶዶ

አዲሱን የቴሌቪዥን ድምፅ ማጉያ፣ ሳውንድባሩን፣ ዛሬ ማንንም ሳልጠራ በራሴ እጅ ገጠምኩት። ወንድሜ “ከገሱባ እስክመጣ እንዳትነኪው” ብሎኝ ነበር። መጀመሪያ ገመዱን የማይሆን ቀዳዳ ላይ ሰክቼው ድምፁ ከቴሌቪዥኑ ብቻ ወጣ። ኤአርሲ የሚል ወደተጻፈበት ቀዳዳ ሳዛውረው ግን ሳሎኑን ሞላው።

ከምሳ በኋላ ስከፍተው ድምፁ ታፍኗል፣ ሪሞቱም አይሠራም። አበላሸሁት ብዬ ጠጋ ብዬ አየሁት። ለካ እማዬ ዳንቴል አልብሳዋለች።

“አዲስ ዕቃ ራቁቱን ይቀመጣል እንዴ? ሰው ቢመጣስ?” አለችኝ።

ዳንቴሉን አንስቼ ከሥሩ አነጠፍኩላት። ትንሽ አኮረፈች፤ ግን መልሳ አልሸፈነችውም።

የአባዬ ጆሮ ከደከመ ወዲህ ዜና የሚሰማው በርጩማውን ቴሌቪዥኑ ሥር አስጠግቶ፣ ጀርባውን ለእኛ ሰጥቶ ነው። ይኼ ሁልጊዜ ያሳዝነኝ ነበር። ዛሬ ማታም በርጩማውን ሲያነሳ “ወንበርህ ላይ ሁን፣ አባዬ” አልኩት። ሳያምነኝ ሄዶ በሩ አጠገብ ካለው ወንበሩ ላይ፣ በመካከላችን ተቀመጠ።

በወላይትኛ ዜና የምታነበው ልጅ “እንደምን አመሻችሁ” ስትል አባዬ ከዚያው ከወንበሩ ሆኖ ሰላምታዋን መለሰላት።